የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባሕር ወፍ እግር ላይ ያለው ባለቀለም ቀለበት

ጥያቄ፦ ወደብ አጠገብ ከሰፈሩ ጋል የሚባሉ ነጭና ግራጫ ወፎች መካከል አንዷ እግሯ ላይ ፊደል የተጻፈበት ቢጫ የፕላስቲክ ቀለበት ነበራት። በሌላኛው እግሯ ደግሞ የብረት ቀለበት አለ። ሁለቱም ለምን አስፈለጉ?

መልስ፦ ብረቱ የወፏ ቋሚ መታወቂያ ነው፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ከሩቅ የሚነበብ ታርጋዋ። ሥራው የተጀመረው በብረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ቪቦርግ በምትባል የዴንማርክ ከተማ መምህር የነበረው ሃንስ ክርስቲያን ኮርኔሊየስ ሞርተንሰን ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸባቸውን የአልሙኒየም ቀለበቶች ስታርሊንግ በሚባሉ ወፎች እግር ላይ አሰረ። ወፏን ያገኘ ሰው በአድራሻው እንዲጽፍለት ነበር ሐሳቡ። ዘዴው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፤ ችግሩም አልተለወጠም። በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለማንበብ አብዛኛውን ጊዜ ወፏን መያዝ ወይም ሞታ ማግኘት ያስፈልጋል። የባሕር ወፍ ግን ብዙ ጊዜ የምትሞተው ሰው በማይደርስበት ውሃ ላይ ነው፤ ቀለበቷም አብሯት ይሰምጣል።

ባለቀለሙ ቀለበት ይህን ችግር አቃለለው። ወፏ በሕይወት እያለች፣ ማንም ሳይነካት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ በተለያዩ አገሮች ደጋግማ ልትነበብ ትችላለች። ቀለበቱ የሚሠራው ሁለት የተለያየ ቀለም ካላቸው ተደራራቢ የፕላስቲክ ንጣፎች ነው። የላይኛው ሲቀረጽ የታችኛው ቀለም ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ጽሑፉ እንደ ቀለም ቅብ ቶሎ አይለቅም። ወፏ በየትኛውም ጎኗ ብትቆም እንዲታይም ኮዱ በቀለበቱ ዙሪያ ተደጋግሞ ይጻፋል። 20 ፊደላትና 10 አኃዞች ተመርጠው ባለሦስት ምልክት ኮድ ቢዘጋጅ በአንድ የቀለበት ቀለም ብቻ 27,000 ወፎችን መለየት ይቻላል።

በቀጫጭን እግሮች ላይ ፊደል አይበቃም። ለእነዚህ ጽሑፍ የሌላቸው ትንንሽ ቀለበቶች በቅደም ተከተል ይታሰራሉ። በእያንዳንዱ እግር ሁለት ቦታ ቢኖር፣ ከአራቱ የትኛውንም አንዱን ብረቱ ቢይዘው፣ የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ ከስድስት ቀለሞች እየመረጥን ብንሞላቸው 864 ወፎችን ብቻ መለየት እንችላለን። ከሁሉ የሚከፋው አንዷ ቀለበት የወደቀች እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ወፏ ማን እንደሆነች በእርግጠኝነት ማወቅ ያዳግታል።

ጥያቄ፦ በባይኖኩላር ቀለበቱን አየዋለሁ፤ ፊደሉ ግን አይለይልኝም። ባለሙያዎች እንዴት ነው የሚያነቡት?

መልስ፦ ባይኖኩላር ቀለበት ያላትን ወፍ ለመፈለግ ነው፤ ለማንበብ በጽኑ ትራይፖድ ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። በ20 እጥፍ ወፏን ይፈልጉ፣ ካገኟት በኋላ ወደ 40 ወይም 60 እጥፍ ያሳድጉ። ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ። እኩለ ቀን ላይ ከአሸዋና ከድንጋይ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው ፊደላቱ ይንቀጠቀጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ማጉላቱን መጨመር መንቀጥቀጡንም አብሮ ማጉላት ነው። በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ በ30 እጥፍ የማያስቸግር ኮድ በቀትር በ60 እጥፍ አይነበብም።

ለመቅረብ አይቸኩሉ። ወፎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ እርስዎ መመልከት ከጀመሩ ይቁሙ፤ አንድ እርምጃ ብትጨመር መንጋው ተነስቶ ይሄዳል። ወፏ በአንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ላባዋ ውስጥ ከሸሸገችው፣ ወይም ከተኛች፣ ታግሶ መጠበቅ ነው መፍትሔው። ላባዋን ልታበጥር ወይም ልትራመድ ስትነሳ እግሯ ይታያል።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። በብዙ የጋል ቀለበቶች ላይ ኮዱ በቁመት የተጻፈ ስለሆነ ከእግር መዳፍ ወደ ላይ ነው የሚነበበው፤ ፊደላቱም በጎናቸው የተኙ ናቸው። በጣም የሚበዛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። በጎኑ የተኛ «ኤን» የቆመ «ዜድ» ይመስላል፤ የተኛ «ኤች» ደግሞ «አይ» ይመስላል። ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው 6ን 9፣ «ኤም»ን «ደብልዩ» ያደርጋል። በጭቃ የተሸፈነ «ቢ» ከ8፣ «ኤስ» ከ5 ጋር ይምታታል። «ኦ»ን እና «ኪው»ን ብዙ ፕሮጀክቶች ከመጀመሪያውም አይጠቀሙባቸውም። በፊደሎቹ መካከል ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ ወይም ሰረዝ ካለ ጌጥ አይደለም፤ የኮዱ አካል ነውና ይጻፉት።

ኮዱን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በመሐል ዓይንዎን ከቴሌስኮፑ አንስተው ያንብቡ። የመጀመሪያው ንባብ አእምሮ ውስጥ ከተቀመጠ ዓይን ያንኑ ማየቱን ይቀጥላል። ስልክዎን ከቴሌስኮፑ መመልከቻ ጋር ገጥመው ፎቶ ማንሳት ከቻሉ ደግሞ አንድ ሳይሆን ተከታታይ ፎቶዎችን ያንሱ፤ ከሃያው አንዱ ግልጽ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሦስቱ ምልክቶች ያነበብኩት ሁለቱን ብቻ ነው። ቢላክ ይጠቅማል? ምን ምንስ ልጻፍ?

መልስ፦ ይላኩት። ያልታየውን ቦታ ግን በጥያቄ ምልክት ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት። በግምት የተሞላ ፊደል ምናልባት ከዓመታት በፊት የሞተችን ሌላ ወፍ ከመቃብር ያስነሳል፤ አጥኚው ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድ ላይኖረው ይችላል። ጉድለት ያለበት ንባብ ግን ቦታው፣ ቀኑና የወፏ ዓይነት ተጨምሮበት አንዳንዴ ወደ አንዲት ወፍ ብቻ ይጠብባል።

የወፏን ዓይነት፣ የቀለበቱን ቀለም፣ የፊደሉን ቀለም፣ ኮዱን፣ በየትኛው እግር እንደሆነ፣ ከመገጣጠሚያው በላይ ይሁን በታች፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከስልክዎ ላይ የተወሰደውን የቦታ መጋጠሚያ ቁጥር ይጻፉ። ግራና ቀኝ የወፏ እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ፊት ለፊት ለቆመች ወፍ ይገለበጣል። ወደ ኋላ ታጥፎ ጉልበት የሚመስለው መገጣጠሚያ በእውነቱ ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ላባ ውስጥ ተደብቋል። ስለዚህ «ከጉልበት በላይ» ብሎ መጻፍ ያደናግራል፤ «ከሚታየው መገጣጠሚያ በላይ» ይበሉ።

ቀለሙንም እንዳዩት ይጻፉ። ፀሐይ የቆየበት ቀይ ወደ ብርቱካን ወይም ወደ ሮዝ ይደበዝዛል፤ ነጩ በጭቃና በዋቅላሚ ቢጫ ይመስላል። «ብርቱካን፣ ምናልባት የደበዘዘ ቀይ» የሚል ማስታወሻ ትልቅ ዋጋ አለው። አውሮፓ ውስጥ ሁለት ፕሮጀክቶች ለአንድ ዓይነት ወፍ ተመሳሳይ ቀለምና ኮድ እንዳይጠቀሙ ሥራቸውን ያስተባብራሉ፤ ዩሪንግ የተባለው የአህጉሩ የቀለበት ማዕከላት ኅብረትም ሪፖርት ይቀበላል። በሰሜን አሜሪካ ተቀባዩ የአእዋፍ ቀለበት ላቦራቶሪ ነው፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው ሳፍሪንግ። አብዛኛውን ጊዜ የወፏ የሕይወት ታሪክ በመልሱ ይላክልዎታል፤ የት እንደተፈለፈለች፣ ከእርስዎ በፊት ማን የት እንዳያት።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። የስንት ወፎችን እግር እንዳዩም ይጻፉ። «120 ጋሎች ነበሩ፣ እግራቸው የታየኝ 75፣ ቀለበት ያላቸው 2» የሚለው መረጃ «ሁለት ቀለበት አየሁ» ከሚለው በብዙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ ባለበት ዘመን ቀለበት ጊዜው አላለፈበትም?

መልስ፦ አላለፈበትም። ነገር ግን ቀለበት የማይችለውን ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ቀለበት የሚናገረው ዓይን ባለበት ብቻ ነው። በካርታ ላይ የተነጠፉት ነጥቦች የወፎቹን መንገድ ብቻ ሳይሆን ቴሌስኮፕ የያዙ ሰዎች የሚኖሩበትን አገርም ያሳያሉ። ባዶ የሆነ የባሕር ዳርቻ ወፍ የሌለበት ላይሆን ይችላል፤ ያየ ሰው ያልነበረበት ሊሆን ይችላል። በውቅያኖስ መሐል ደግሞ ቀለበት ፈጽሞ ዝም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ ፋርን ደሴቶች ቀለበት የታሰረባት አርክቲክ ተርን የሚባል የባሕር ወፍ ጫጩት በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አውስትራሊያ ሜልቦርን ተገኘች። ቀለበቱ የነገረን ሁለቱን ጫፎች ነው፤ መሐሉን ግን አልነገረንም። መሐሉን ያሳዩት 1.4 ግራም የሚመዝኑ የብርሃን መመዝገቢያ መሣሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጥናት እነዚሁ ወፎች በዓመት በአማካይ ከ70,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚበርሩ ታወቀ። መሣሪያው ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት እየመዘገበ ቦታን ያሰላል፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ሳምንታት ግን ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት መለየት ይቸግረዋል። መረጃውንም በሆዱ ስለሚይዝ ወፏ በማግስቱ ዓመት እንደገና መያዝ አለባት። ከሺዎች መካከል መሣሪያ የተሸከመችው የትኛዋ እንደሆነች ከሩቅ ለመለየት የሚረዳው እንግዲህ ያው ባለቀለም ቀለበት ነው።

ቀለበት በብዛት ይበልጣል፣ በዕድሜም ይበልጣል። ባትሪ የለውም፤ ለሺህ ጫጩቶች ሊታሰር ይችላል። ስንቱ ጫጩት ለአቅመ መራባት እንደሚደርስ፣ በየዓመቱ ስንቱ እንደሚሞት፣ ወደ ተወለደበት ደሴት የሚመለሰው ስንቱ እንደሆነ የሚታወቀው ለረጅም ዓመታት ተደጋግሞ በሚነበብ ቀለበት ነው። ሌይሳን አልባትሮስ ከሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎች አንዷ የሆነችውን ዊዝደምን ይመልከቱ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ባለው ሚድዌይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1956 ቀለበት ያሰረላት የአእዋፍ ተመራማሪው ቻንድለር ሮቢንስ ነው። ያን ጊዜ እየተራባች ስለነበር ቢያንስ አምስት ዓመት እንደሆናት ተገመተ። ቀለበቶቿ እያረጁ በተለወጡ ቁጥር አሮጌውና አዲሱ ቁጥር ተያይዞ ስለተመዘገበ ማንነቷ አልጠፋም። ዛሬ «ዜድ 333» የሚል ቀይ ቀለበት አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይም እንቁላል ጥላለች። በአንዱ ቅያሪ ላይ አንድ አኃዝ በስህተት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወቅን ነበር።

ጥያቄ፦ ቀለበቱ ወፏን አይጎዳትም? እንዴትስ ነው የሚታሰረው?

መልስ፦ መጠኑ ትክክል ከሆነና ያሰረው ሰው ከሠለጠነ ጉዳቱ እጅግ ጥቂት ነው። ካልሆነ ግን እግር ሊያሳጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ያለ ፈቃድና ያለ ረጅም ልምምድ የማይሞከረው። ቀለበቱ በቅልጥሟ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በነፃነት መንሸራተትና መሽከርከር አለበት፤ በመገጣጠሚያው ግን ማለፍ የለበትም። ጠባብ ከሆነ ቆዳዋን ይልጣል፤ ሰፊ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ይሰካል።

መጀመሪያ ብረቱ በልዩ ጉጠት ይዘጋል። ሁለቱ ጫፎች መነካካት አለባቸው፤ ክፍተት ከቀረ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይገባበታል፣ ከተደራረቡ ደግሞ እግሯን ይነክሳሉ። ለባሕር ወፍ ተራ አልሙኒየም አይመከርም፤ ጨውና አሸዋ ቁጥሩን ይበላዋል። ስለዚህ አይዝጌ ብረት ወይም ጠንካራ ቅይጥ ብረት ይመረጣል። ከዚያ ተጠቅልሎ የተዘጋጀው ፕላስቲክ ተከፍቶ በሌላኛው እግር ላይ ይገባል፤ ጫፎቹ በሚደራረቡበት ቦታ ላይ ጥቂት ማጣበቂያ ይደረጋል። ማጣበቂያው ቆዳዋን እንዳይነካ፣ ሳይደርቅም እንዳትለቀቅ መጠንቀቅ ነው። ያልደረቀ ቀለበት በወራት ውስጥ ይከፈትና ይጠፋል። የጠፋ ቀለበት ደግሞ በስሌት ላይ እንደሞተች ወፍ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቀለበት የሚያጡ ወፎች በበዙ ቁጥር ሞቱ ከእውነተኛው በላይ የበዛ ይመስላል።

ጫጩቶች የሚታሰሩት እግራቸው የአዋቂን ውፍረት ከያዘ በኋላና መብረር ከመጀመራቸው በፊት ነው። በዝናብ፣ በብርድና በቀትር ሐሩር ወደ ጎጆዎቹ አይገባም፤ እናት ከተነሳች ጫጩቱ ይቀዘቅዛል ወይም በፀሐይ ይጠበሳል። ጫጩቱ የሚመለሰው ወደ ተነሳበት ወደዚያው ቦታ ነው። ጋሎች በክልላቸው የገባን የጎረቤት ጫጩት ወግተው ይገድላሉና የሁለት ሜትር ስህተት እንኳ ሕይወት ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሞታ የተገኘች ወፍ እግር ላይ ቀለበት ካለ ላውጣው?

መልስ፦ በባዶ እጅ አይንኳት። ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ የወፍ ጉንፋን ብዙ የባሕር ወፎችን ፈጅቷል። ሳይነኳት ብረቱን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፤ ቁጥሩ ዙሪያውን ስለሚሄድ አንድ ፎቶ አይበቃም። ቁጥሩ የሚጀምርባቸው ፊደላትና የማዕከሉ ስም ወይም አድራሻ ካልታየ ቁጥሩ ብቻውን የማን እንደሆነ ላይለይ ይችላል። ሬሳው ትኩስ ይሁን የደረቀ፣ ዘይት ወይም መረብ እንዳለበት ይጻፉ። በሕይወት ካለች ወፍ እግር ላይ ግን ቀለበት በፍጹም አይወጣም፤ ቆስላም ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይጠሩላት።