መልስ፦ የ1965ቱ ጣሪያው የሚከፈት ማስታንግ

«እንደ አዲስ ተጠብቆ የኖረ» የ1965 ፎርድ ማስታንግ፣ ጣሪያው የሚከፈተው፣ ቀርቦልህ ልግዛው ወይ ብለሃል። ቀለሙን ለጊዜው እርሳው። እኔም አንድ ጊዜ በሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም ልቤ ሸፍቶ፣ ምንጣፉን ብገልጠው ወለሉ ወንፊት ሆኖ ከሥሩ አስፋልቱ ታየኝ። ደግነቱ ገና አልከፈልኩም ነበር።

መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍተህ በሾፌሩ በኩል፣ ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ላሜራ ላይ የተመታውን የመኪናውን መለያ ቁጥር አንብብ። መነሻው 5 ከሆነ የ1965 ሞዴል ነው። ፊደሉንም ቆጥረህ በሦስተኛውና በአራተኛው ቦታ ላይ 08 መኖር አለበት፣ ጣሪያው የሚከፈት ማለት ነው፤ 07 ካየህ ግን ጣሪያው በኋላ የተቆረጠ ነውና ተሰናብተህ ውጣ። ቀጥሎ ያለው ፊደል የሞተሩ ነው፦ ሲ (C) ከሆነ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፤ ቲ (T) ከሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር።

ዋናው ጠላት ዝገት ነው። ጣሪያ የሌለው መኪና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከወለሉና ከበሮቹ ሥር ካለው ብረት ነው። በሩ ሲዘጋ ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ የመኪናው ወገብ ወደ ታች ረግቧል ማለት ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ላይ ውኃ አፍስስና እግርህ የሚያርፍበትን ምንጣፍ ዳስስ፤ ከረጠበ ውስጡ በዝገት ተበልቷል። ማግኔትም ያዝ፤ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ላይ አይጣበቅም።

የጣሪያው ሸራ መቀደድ አያስጨንቅህ፣ የሚለወጥ ነገር ነው። ሻጩ መኪናውን በክሪክ አንስተህ ሥሩን እንዳታይ ከከለከለህ ግን ዋጋ ለመከራከርም አትቀመጥ።