መልስ፦ አዲስ አበባ መማር ያዋጣል?
ወንድሜ፣ «ከደሴ አዲስ አበባ መጥቼ ብማር ያዋጣኛል?» ላልከው፣ ዶርም ካገኘህ ዓይንህን ሳታሽ ና። ከሌለ ግን የቤት ኪራዩ ወገብ ይቆርጣል። ደላላው ኮሚሽን፣ አከራይዋ ቅድሚያ ክፍያ ይላሉ፤ መብራትና ውሃ ለብቻ። ለሦስት ሆናችሁ ተከራዩ። የምትማረው ስድስት ኪሎ ከሆነ ሽሮሜዳ ወይም ፈረንሳይ አካባቢ ፈልግ። ከተማ ዳር ርካሽ ቢመስልም ልዩነቱን ታክሲ ይበላዋል፤ የሰልፉን ነገር ተወው። ምሳ በየዓይነቱን ለሁለት ብትበሉ ማንም አይታዘባችሁም።

ጥቅሙ? አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልህ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርም አለ። ለእኔ ትልቁ ግን የሥራ ልምምዱ ነው። የባንኩም የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ዋና ቢሮ እዚሁ ስለሆነ፣ ከክፍል ወጥተህ በዚያው ማመልከቻ ታስገባለህ። ሒሳብ ከቻልክ ደግሞ ልጆች አስጠና፤ የኪስ ገንዘብ አታጣም።