ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የሳንባ ካንሰር በደም ምርመራ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልህ ከጅማ ነው። አባቴ 61 አመታቸው ነው፣ ሄርማታ ገበያ ቡና ሲነግዱ ነው የኖሩት፣ ሲጋራም ብዙ አመት አጭሰዋል። ሶስት ወር ሊሆነው ነው እያሳላቸው፣ ከስተዋልም። የአክታ ምርመራ ቲቢ የለም አለ። ውጪ ያለ ዘመዳችን ካንሰር ደም ውስጥ ባለ ሜታቦላይት (ሴሎች ምግብ ሲጠቀሙ የሚፈጠር ኬሚካል) ይታወቃል፣ ደማቸውን ላኩልኝ ይላል። እንላክ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ አባትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ዘመዳችሁ ያለው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። የካንሰር ሴል ኦክስጅን እያለለት እንኳን ብዙ ግሉኮስ (ስኳር) ወስዶ ላክቴት ወደሚባል ኬሚካል ይቀይራል፣ ይሄን ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ነው ያሳየው፣ ፔት ስካንም የሚሰራው በዚሁ ነው፣ ጨረር ያለበት ስኳር ይወጉና የት እንደተሰበሰበ ያያሉ (ቲቢም ግን እንደዛው ሊያበራ ይችላል)። አሁን በደም በሽንት በትንፋሽም ጭምር ጥናቱ አለ። ግን ብቻውን "ይሄ የሳንባ ካንሰር ነው" ብሎ ህክምና የሚያስጀምር የሜታቦላይት ምርመራ እስካሁን የለም፣ ምክንያቱም እነዚህ ኬሚካሎች በምግቡም በፆሙም በሲጋራውም በስኳር በሽታውም ይለዋወጣሉ። ኤልዲኤች የሚባለውን (ሴል ውስጥ ያለ፣ ከላክቴት ጋር የሚሰራ ኢንዛይም ነው) ብትወስጂ ደሙ በመንገድ ተበላሽቶ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ በሽታ ሳይኖርም ከፍ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ አትላኩ፣ ብሩንም ጊዜውንም ለሲቲ ስካን አውሉት።

አሁን የሚያስፈልጋቸው የደረት ሲቲ ነው፣ ራጅ ንፁህ ነው ቢባል እንኳን ካንሰር የለም ማለት አይደለም። እብጠት ከታየ በብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአየር ቧንቧ አስገብቶ) ወይ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ክፍል) ያየዋል፣ ቁርጡ የሚታወቀው እዛ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁ። ቲቢውም አንዴ የለም ስለተባለ አለቀ ማለት አይደለም፣ በጂንኤክስፐርት (የቲቢ ጀርሙን ዘረመል የሚፈልግ የአክታ ምርመራ) ካልታየ ይታይ። እኔን የሚያሳዝነኝ ሰው በግምት የቲቢ መድሀኒት ጀምሮ ሳይሻለው ወራት ሲያልፉ ነው፣ እባካችሁ እንዲህ እንዳይሆን።

ቀላል የደም ምርመራ ግን አይናቅ። ሶዲየምና ካልሲየም ይታይላቸው፣ አንዳንድ የሳንባ ካንሰር ሆርሞን መሰል ነገር እያመነጨ ሶዲየምን ያወርዳል ወይ ካልሲየምን ይሰቅላል። ከተደናገሩ፣ ካስመለሳቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ውሀ ጥም ከበዛባቸው ወይ ደም ካሳሉ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ካንሰር ከሆነ ደግሞ ህክምና ሳይጀመር ኤልዲኤች፣ ሴኢኤ (አንዳንድ ካንሰር ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን) ምናምን ቢለካ ለክትትል ይጠቅማል፣ ዋናው በአንድ ላብራቶሪ መለካቱና ከራሳቸው የበፊት ውጤት ጋር መተያየቱ ነው። ሴኢኤ በሚያጨስ ሰው ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል፣ ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻም መድሀኒት አይቀየርም፣ ሲቲው ይደገማል።

የድሮ ራጅ ካላቸው ይዛችሁ ሂዱ፣ ዶክተሩ ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል። ሲጋራውን አሁንም ካላቆሙ ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ካንሰር ሆነም አልሆነም ይጠቅማቸዋል።