አደዩን እስከ ኅዳር አትንቀሉት

ልጆቼ፣ የሰው ግቢ አትክልት ሳለማ ነው ያረጀሁት። መስከረም በጠባ ቁጥር «አደይ አበባ የት ይሸጣል? ግቢያችን ልንተክል ነው» ብሎ የሚደውልልኝ ወጣት አይጠፋም። ያኔማ ዘግይታችኋል። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲይዝ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ከሥሩ ዳግም አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ለከርሞ አበባ የሚለፋ ሰው ዋና ሥራው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ በማያየው ጊዜ።

የአበባው ቢጫ ቅጠል ረግፎ የአበባው ራስ ቡናማ ሲሆን በጣታችሁ ፈተግ አድርጉት። ጠቆር ያለ ጠፍጣፋ ፍሬ መዳፋችሁ ላይ ከቀረ ደርሷል። እሸት ከሆነ ተዉት። አንድ አበባ የሚመስላችሁ ነገር መሐሉ ላይ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ ከአንድ ራስ ብዙ ዘር የሚገኘውም ለዚህ ነው። ጥቂት ራስ ለአንድ ግቢ ይበቃል። ሁሉንም ጠራርጋችሁ አትልቀሙ፣ መሬቱም ድርሻ አለው። ዘሩን ጥላ ላይ አድርቁና በወረቀት ጠቅልሉት። ፌስታል ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ይሻግታል።

ዝናቡ ሰኔ ላይ በደንብ ሲይዝ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ ዝሩት። ሥሥ አፈር አልብሱት፣ በቃው። መሬታችሁ ዋልካ፣ ማለትም ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉ፤ ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም ታችዋ የተበሳ የቀለም ባልዲ ትበቃችኋለች፣ በረንዳው ፀሐይ ካገኘ። ፍግና ማዳበሪያ ግን ተዉት። አበባ ባየ ቁጥር ማዳበሪያ የሚደፋ ሰው አይቼ አላባራም! አደይ በሜዳና በመንገድ ዳር ያለማንም እርዳታ የሚኖር ነው። ሲጠግብ ቅጠሉን ያበዛል፣ ይረዝማል፣ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ያጋድመዋል።

ትልቁ ፈተና ሐምሌ ነው። ቡቃያው አረም ይመስላል። መርፌ መሳይ ፍሬው ሱሪ ላይ የሚጣበቀው አረም ራሱ የአደይ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው አትክልተኛም ሁለቱን በአንድ ላይ ይነቅላቸዋል። ስለዚህ በመስመር ዝሩ። በመስመሩ ላይ፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የወጣውን ጠብቁ፤ ከመስመሩ ውጭ ያለውን ልቀሙ። ሲጠና በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት እየተዋችሁ አሳሱት። ግቢያችሁን የሚያጭድ ሰው ካለ ቀድማችሁ አሳዩት፣ ችካልም ትከሉበት።

ለደመራ መቁረጥ ነውር የለውም፣ ወጋችን ነው። እኔን የሚያናድደኝ ከነሥሩ መንቀሉ ነው። ከጥንድ ቅጠሎች በላይ በመቀስ ቁረጡት፤ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ብብት አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ከእያንዳንዱ ተክል ጥቂት አበባም ለዘር አስቀሩ።

ከመስቀል በኋላ ግቢው ይንጨባረራል። ደንበኞቼ «ይሄን ድርቆሽ አንሳልን» ይሉኛል። አላነሳም። ንብ እስከ መጨረሻው አበባ ድረስ ትመላለስበታለች፤ የደጋው የጥቅምትና የኅዳር ማር ከአደይ ጋር አብሮ የሚነሳው በከንቱ አይደለም። ዓይናችሁን ካስቀየመው ፊት ለፊት አትዝሩት፣ ከአጥሩ ሥር አድርጉት። ዘሩ ሲያልቅ ግንዱን ቆራርጣችሁ እዚያው መደቡ ላይ በትኑት።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ «ትንሽ ዘር በሰው ላክልን» ትላላችሁ። ናፍቆቱ ይገባኛል። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገር ዕፅዋት ዘር የሚወጣው በፈቃድ ነው፤ የምትኖሩበት አገርም የራሱ የዘር ቁጥጥር ይኖረዋል። መጀመሪያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ። ዘመዳችሁን በሻንጣ አሸክማችሁ ኤርፖርት ላይ አታስቁሙት።