ገመዱ ደኅና ነው፤ ድንጋዩስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለትምህርት ባንጋሎር በነበርኩበት ጊዜ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በራማናጋራ፣ ዐለት መውጣት ተለማምጃለሁ። አሁን ሥራ ይዤ ኮምቦልቻ መጥቻለሁ። ወደ ደሴ በተጓዝኩ ቁጥር ዓይኔ ከመንገዱ ዳር ገደል ላይ ይቀራል። ገመድ፣ የወገብ ማሰሪያና ካራቢነር (ገመድ የሚያያይዝ፣ የሚከፈት የብረት ቀለበት) አለኝ። አገሩን ግን አላውቀውም። የሥራ ባልደረባዬ ገመድ ሊይዝልኝ ፈቃደኛ ነው፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት ሞክሮት አያውቅም። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ብንጀምር ምን ይመስልዎታል? ተጨማሪ ገመድስ ከገበያ ብገዛ?
እ. መ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ወንድምዓለም፣ አትውጣ አልልህም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በገመድ ተንጠልጥለው ከመንገድ በላይ የላላውን ድንጋይ በዲጂኖ የሚያራግፉ ሠራተኞችን እመራ ነበር። ስለ ስፖርቱ አንተ ሳትበልጠኝ አትቀርም። ስለ ድንጋዩ ግን ስማኝ።

ራማናጋራ ላይ የወጣኸው ግራናይት ነው፤ ወጥና ጠንካራ፣ የጨበጥከው እጅህ ላይ የማይቀር። በደሴ መንገድ የምታየው ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ እየፈሰሰ የተነባበረ ድንጋይ ነው። በአንዱ ንብርና በሌላው መካከል ቀይ፣ አፈር መሰል ስስ መስመር ስታይ ተጠንቀቅ። ያ መስመር ዝናብ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ታጥቦ ይሄዳል፣ ከላዩ ያለው ጥቁር ድንጋይም መቆሚያ ያጣል። ባዛልቱ ራሱ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል የተሰነጠቀ ስለሆነ፣ ሰው የሚያህለው ምሰሶ በጥላው ብቻ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት የሚደጋገመውም አለ ነገር አይደለም።

ሠራተኞቼ ድንጋዩን ከመርገጣቸው በፊት ያንኳኩት ነበር። ጠንካራው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው እንደ ባዶ በርሜል ያጉረመርማል። አንተም ክብደትህን ከመጣልህ በፊት በጡጫህ አንኳኳ፤ ስትይዝም ወደ ታች ተጫነው እንጂ ወደ ውጭ አትሳበው። ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠውን ግድግዳ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትነካ። ለዓይን የሚያምረው እሱ ነው፤ ግን በድማሚት የተናጋ ነው፣ ከሥሩም መኪናና እግረኛ ያልፋል። ከ20 ሜትር ከፍታ የወደቀ ድንጋይ መሬት ሊነካ ሲል ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንተ የራስህን ነፍስ ልታስይዝ ትችላለህ፤ የፍየል እረኛውን ግን ማን ፈቀደልህ?

እንግዲህ ደሴ አጠገብ ያለው የጦሳ ተራራም ይሁን አዝዋ ገደል፣ መጀመሪያ ገመድህን ቤት ትተህ፣ ለመውጣት ሳይሆን ለማየት ሂድ። ግርጌውን የሚያርሱትን አባወራ ሰላም በል። ድንጋይ የሚወርደው በየት በኩል ነው? ከዝናብ በኋላ ከብት የማይሰማራው የት ነው? ይህን ከእሳቸው የተሻለ የሚነግርህ የለም፤ እረኞቹ ደግሞ አንዳንዴ ከአባቶቻቸው በላይ ያውቃሉ። ቡና ከቀረበልህ ተቀመጥ፤ ወሎ ውስጥ አቦል ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ደስ አያሰኝም። ቀጥሎ ቀበሌው ዘንድ ሄደህ መታወቂያህን አሳይ፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ ተናገር። በዚህ ጊዜ ገመድ ተሸክሞ ኮረብታ ላይ የሚታይ እንግዳ ስፖርተኛ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። አይሆንም ካሉህ ወይም መንገዱ ሰላም አይደለም ከተባልክ ተመለስ፤ አትከራከር። ጥበቃ ወይም አንቴና ባለበት፣ ቤተ እምነት ባለበት ቦታም ገመድ አትዘርጋ።

ሰው ማወቅህ ሌላም ጥቅም አለው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ስልክህ ላይ መዝግበው። አምቡላንሱ ግን ገደል ሥር አይገባም። እስከ መኪና መንገድ የሚያደርስህ ቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙት ደግሞ ጠዋት ሰላም ያልካቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ ጓደኛህ፦ ፈቃደኛ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን አልበቃም። መጀመሪያ መሬት ላይ ቆማችሁ፣ ከዚያም ከጉልበት በማይበልጥ ከፍታ ሆን ብለህ እየለቀቅክ፣ ሳይደነግጥ መያዝ እስኪለምድ አለማምደው። ከመነሣትህ በፊት እሱ የአንተን ስምንት ቁጥር ቋጠሮና የወገብ ማሰሪያ፣ አንተም የእሱን ገመድ መያዣ በእጃችሁ ዳስሱ። በ60 ሜትር ገመድ ከ30 ሜትር በላይ ወጥተህ መውረድ አትችልም። የገመዱን የታችኛውን ጫፍ ቋጥሩት፤ አለበለዚያ ስትወርድ ጫፉ ከጓደኛህ መያዣ ሾልኮ ይወጣል። ልምድ ያለውን ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ? አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳል፣ በዝናብ ወራት መብረቅ ይመጣል፣ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ውረዱ። በልግና ክረምት ይለፉህ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ይሻልሃል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ሰው ጦሳ ላይ ጣቱ ይደነዝዛል፤ በደነዘዘ ጣት ደግሞ ድንጋይ አይያዝም።

የገበያውን ገመድ ለዕቃ ማሰሪያ ተወው። የመውጫ ገመድ ስትወድቅ እየተለጠጠ ያበርድልሃል፤ የጭነት ገመድ አይለጠጥም፣ ድንጋጤውን በሙሉ ለወገብህና ለማሰሪያው ያስረክባል። ከባትሪ አሲድ አጠገብ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ሳይታወቅ ከውስጥ ተበልቶ ይሆናል። መጠባበቂያ መፈለግህ ግን ልክ ነው። ደብረ ዳሞ የሚወጡት ሰዎች እንኳ አንዱን ገመድ በእጃቸው ይዘው በሌላው ወገባቸውን ይታሰራሉ። አንተም ከላይ ገመድህን የምታስርበት ቦታ አንዱ ቢነቀል ሌላው የሚይዝ፣ ሁለት የተለያየ ይሁን፤ ሁለቱንም ግን በመውጫ ዕቃ እሰር።

በደብዳቤህ ውስጥ ሄልሜት ፈልጌ አጣሁ። የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ከባድ ነው፣ ቀና ብለህ እንዳታይም ይከለክልሃል። የግንባታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአገጭ ማሰሪያ ስለሌለው ገና ስትወድቅ ይወልቃል። ለዐለት መውጣት የተሠራ ሁለት አስመጣ፤ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ከታች ለሚቆመው ጓደኛህ።