መልስ፦ የጠረጴዛ ፍሬም ከብየዳ በኋላ ለምን ይጣመማል?

ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ቤትዎ የሠሩት የጠረጴዛ ፍሬም፣ ብረቱ በትክክል ተቆርጦ ሳለ፣ ከተበየደ በኋላ አንድ እግሩ ከመሬት የተነሣበትን ምክንያት ጠይቀዋል። ጥፋቱ የአቆራረጡ ሳይሆን የብየዳው ቅደም ተከተል ይመስለኛል፤ የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ፍሬሙን ወደ በየደው ጎን ይስበዋል። ስለዚህ ማዕዘኖቹንና እግሮቹን መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ አድርገው ያያይዙ፤ ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች በሜትር ለክተው እኩል መሆናቸውን፣ ጠረጴዛውንም ለጥ ባለ ወለል ላይ አቁመው አለመወዛወዙን ካረጋገጡ በኋላ፣ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሰያፍ ትይዩው እየተሻገሩ በአጭር በአጭሩ ይበይዱ። ስኳድራ (የማዕዘን ቀጥታነት መለኪያ) ብቻውን አይበቃም፤ በእሱ ብቻ ተማምኜ የሠራሁት የመጀመሪያው ጠረጴዛዬ እስከ ዛሬ ከአንድ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን አለው። የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ከ60 እስከ 70 አምፔር አካባቢ ይጀምሩ፤ ኃይሉ ከበዛ ቱቦላሬው ይበሳብዎታል። ብረቱ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ከሆነ ግን የዚንኩ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ስለሚያመጣ፣ የሚበየደውን ቦታ አስቀድመው በግራይንደር ገፈው፣ ሥራውን ነፋስ በሚገባበት ደጅ ያከናውኑ።