ራም ጨምሬ «ሜሞሪ የለም» አለኝ!

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በዊንዶውስ 98 የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ፤ የድሮ ጌሞቼን የምጫወተው በሱ ነው። 256 ሜጋ ባይት ራሙን አውጥቼ 1 ጊጋ ባይት ገጠምኩለት። አሁን የዶስ መስኮት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን) ስከፍት በቂ ሜሞሪ የለም ይለኛል። ራሙ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ራምህ ደህና ነው፣ እንዳትጥለው። ዊንዶውስ 98 ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ራም ላይ እያቆየ ሥራ የሚያፈጥን ቪካሽ የሚባል ክፍል አለው፤ መጠኑም ከራሙ ጋር አብሮ ያድጋል። ራሙ ከ512 ሜጋ ሲያልፍ ቪካሽ ለሲስተሙ የተመደበውን አድራሻ (የሜሞሪው ቦታ የሚጠራበትን ቁጥር) ጠራርጎ ይይዝና ራም ሞልቶ ተርፎ አድራሻ ያልቃል። ቤት ሞልቶ የቤት ቁጥር ያለቀበት ሰፈር በለው።

ስለዚህ ቪካሽን ገድበው። መጀመሪያ «ሲስተም ዶት አይኤንአይ» (system.ini) የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተካከያ ፋይል ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ (የምሬን ነው፣ ይቺን እንዳትዘላት)። ከዚያ በኖትፓድ ክፈተውና በካሬ ቅንፍ ቪካሽ ከሚለው ርዕስ ሥር «ማክስፋይልካሽ» ብለህ፣ እኩል ይሆናል ምልክት አድርገህ 262144 ጻፍ። ቁጥሩ በኪሎ ባይት ነው፣ 256 ሜጋ ማለት ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሳይነጣጠል ነው የሚጻፈው (MaxFileCache)። ሪስታርት አድርግ።

አሁንም ካስቸገረህ ኤምኤስኮንፊግ (msconfig) የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ገብተህ፣ አድቫንስድ የሚለውን ተጭነህ ራሙን 512 ላይ ገድበው። ግማሹ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ያናድዳል። ግን ለዚያ ዘመን ጌም 512 ራሱ ቅንጦት ነው።